ያልተመለሰ ስልክ

ረቡዕ የአለሁ ቀን ነው። ቦዩ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ለኔትወርኩ ምሰሶ "አለሁ" ማለት አለበት። ሦስት ሳምንት ዝም ያለ ከመዝገብ ይወጣል፤ ከመዝገብ የወጣ ደግሞ ዱቄትም መድኃኒትም አይላክለትም። የሚያለቅስለትም የለም፤ አልሞተማ! ምሰሶው የቆመው ኮረብታው ላይ ነው፤ ከውኃው ዳር አርባ አምስት ደቂቃ ያስወጣል። ኔትወርክ ወደ ቦዩ አይወርድም። የሚዘረጋው የቤት ቁጥር ላለው ነው፤ ጀልባ የቤት ቁጥር የላትም።

ስለዚህ የቦዩ ሰዎች ተራ ገቡ። በየረቡዑ አንድ ባለ ተራ የዘጠኙን ቤት ስልክ በዘንቢል ሰብስቦ ይወጣል። የሚኖሩባትን ጀልባ "ቤት" ነው የሚሏት፣ ጀልባ የሚላት የቦዩ ጽሕፈት ቤት ሰው ብቻ ነው። በየስልኩ የባለቤቱ ድምፅ ተቀድቷል፤ ባለ ተራው ምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያስጮኻቸዋል። "አለሁ።" "አለሁ።" "አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ይህችን የመጨረሻዋን የቀዱት ጋሽ ኢዩኤል ናቸው። ትርፍ ቃል አይፈቀድም ቢባሉ "ሳላመሰግን አልኖርም" ብለው እንቢ አሉ፤ ምሰሶውም ለመዳቸው።

በዚያ ረቡዕ ተራው የሜላት ነበር።

ሜላት የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። በሰቃ ሐይቅ ሞልቶ ሰፈሯን ሲውጠው ጀልባ ከታደላቸው አንዷ ነበረች። "ለጊዜው ነው" ተብሎ ነበር፤ ጊዜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የሐይቁን ትርፍ ውኃ ወደ አዋሽ የሚወስደው ቦይ ጠባብ ስለሆነ ቤቶቹም ጠባብ ናቸው። አንድ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል፤ ርዝመቷ ግን ሃያ እርምጃ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ከመኝታው ወደ ምድጃው ሲሄዱ ከሁለት አንዳቸው ወደ ኋላ መራመድ ነበረባቸው። ሁለቱም ለምደውት ስለነበር መሬት ላይ ሲወርዱ እንኳ በር ላይ ከሰው ጋር ሲገናኙ ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር፤ ሰው ይስቅባቸው ነበር።

የቦዩ ሕግ አንድ ነው። ማንም ቤት አንድ ማረፊያ ላይ ከአሥራ አራት ቀን በላይ አይቆምም። አሥራ አምስተኛውን ቀን ያደረ ሰው ነዋሪ ይባላል፤ ነዋሪ ደግሞ ቀበሌ ይፈልጋል፣ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ የቤት ቁጥር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ጣጣ እንዳይመጣ ተጓዥ ሆኖ መክረም ነው። በአሥራ አራተኛው ቀን ሁሉም ገመዱን ይፈታና ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይወርዳል፤ ቦዩ ሲያልቅ ዞሮ ይመለሳል። ያልተንቀሳቀሰች ቤት ተጎትታ ትወሰዳለች፤ ባለቤቷም መጠለያ ይገባል። ባለፈው ክረምት የእትዬ ኖላዊትን ቤት ወሰዱባት። መጠለያውን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለሌለ እንዴት እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

የሜላት ሞተር ከተቃጠለ አሥር ቀኑ ነው። መለዋወጫው ታዝዟል፤ ግን ዕቃ የምታደርሰው ድሮን የምታወርደው ሰውየው ባለፈው የነበረበት ማረፊያ ላይ ነው። የቦዩ ሰው ዕቃውን ፍለጋ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሲደርስም አንዳንዴ ከብት በልቶት ያገኘዋል። የሜላት መለዋወጫ እሱም አልመጣም። ሐሙስ ደግሞ አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። ያለ ፈቃድ ሌላ ቤት የጎተተ ሰው የራሱንም ይነጠቃል፤ ከዘጠኙ ቤት ፈቃድ ያለው ሞተር የአቤኔዘር ብቻ ነው። እሱም ገና ሳትለምነው "እትዬ ሜላት፣ ሐሙስ እኔ እጎትትሻለሁ፣ ሐሳብ አይግባሽ" ብሏት ነበር።

አቤኔዘር አርባ ዓመት የሞላው፣ ብቻውን የሚኖር፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። እናቱ እማማ ፌቨን አዳማ ላይ ከእህቱ ከናርዶስ ጋር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ውኃ ይፈሩ ስለነበር የልጃቸውን ቤት አንድም ቀን ረግጠዋት አያውቁም። ከቦዩ እስከ አስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት፣ ከአስፋልቱ እስከ አዳማ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ሜላት እንግዲህ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ድምፆቹን አስጮኸች። የባለቤቱ ድምፅ ሲያልቅ መልእክቶቹ ይንጠባጠባሉ። ባለ ተራ የሰው መልእክት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነባል፤ ይህ የቦዩ ደንብ ነው። የሚያነበውም ለወሬ አይደለም። ሐኪም ቤት የጠራው ሰው ካለ ዘንቢሉን ትቶ ሮጦ እንዲወርድለት ነው። ሞት ከመጣ ደግሞ ሌላ ደንብ አለው። መርዶ በስልክ አይሰማም። ባለ ተራው ያን ስልክ አጥፍቶ ለጋሽ ኢዩኤል ይሰጣል፤ ለባለቤቱ አይመልስለትም። በማግሥቱ ሰው እንቅልፉን ጠግቦ ሲነሳ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ሽማግሌዎቹ በውኃው ዳር ተሰልፈው ይመጣሉ። ስልኩ ያልተመለሰለት ሰው ማታውን ያውቃል እንግዲህ። ያውቃል ግን አይጠይቅም። መርዶ ሳይነገረው የጠየቀ፣ ወይ ብድግ ብሎ የሄደ፣ የሽማግሌዎቹን እግር እንደናቀ ይቆጠራል።

የአቤኔዘር ስልክ ሰባተኛው ነበር።

"አቤኒ፣ እማማ በጣም ታማለች። ስምህን እየጠራች ነው። ዛሬውኑ ድረስ።"

ሜላት አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው፤ ሁለተኛው ንባብ ለሱ አልነበረም፣ ለራሷ ነው። ዛሬውኑ ከደረሰ ሐሙስ የለም። ሐሙስ ከሌለ ዓርብ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ጎታች መጥቶ ቤቷን ከነምድጃዋ ይወስዳታል። የማን ሞተር ይጎትታት? ደግሞስ እማማ ፌቨን በየዓመቱ ጾም ሲገባ ይታመማሉ፣ በዓል ሲደርስ ይነሳሉ። ባለፈው ዓመት "አለቀላት" ተብሎ ተሮጦ ሲደረስ ቁጭ ብለው ቅንጬ ሲበሉ አልነበር? አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ምን ያመጣል? ሐሙስ ማረፊያ ስምንት እንደደረሱ ስልኩን ትሰጠውና በዚያው ይሄዳል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስልኩን አጠፋችና ከዘንቢሉ አውጥታ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ውሸቷን አዘጋጀች። "ከእጄ አምልጦ ውኃ ነካው፣ ሩዝ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፣ እስከ ነገ ይደርቃል" ልትል ነው። ጥሩ ውሸት ነበር፤ ሰው የሚያምነው።

ከቤት ቤት እየዞረች ስልክ መለሰች። አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ አንዱ የመጸዳጃ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ማስደፊያው ይሄዳል፣ ጋሽ ኢዩኤል ጣሪያቸው ላይ ሆነው የፀሐይ ሰሌዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ሁሉም "እግዜር ይስጥሽ" አሏት። አቤኔዘር ደጃፉ ላይ ገመድ ይጠቀልል ነበር። ሲያያት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋ።

ሜላት አፏን ከፈተች። ሩዙን ልትጠራ ነው።

እሱ ግን የዘንቢሉን ባዶነት አየ። ፊቷንም አየ። የተዘረጋችው እጁ ትንሽ ቆየችና ቀስ ብላ ታጠፈች። "እሺ" አለ። "እሺ እትዬ ሜላት።" ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት። ስልኩን ስታስቀር መታመማቸውን የደበቀች መስሏት ነበር፤ ለካ ገድላቸዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። "ኧረ አልሞቱም" ብትለው "ታዲያ ስልኬስ?" ይላታል። ስልኩን ብትሰጠው መልእክቱን ያነብባል፤ ለምን እንዳስቀረችበትም አንድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። "እህ… በል ደህና ዋል" አለችና ሄደች። እንዲህ ነው ያለችው፣ በቃ።

ሊመሽ ሲል አቤኔዘር በሯን አንኳኳ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱን ታጥቧል።

"እትዬ ሜላት፣ አግዳሚሽን ታውሺኛለሽ? የኔ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።"

ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ነገ ማለዳ ለሚመጡት ሽማግሌዎች ነው። ሜላት አግዳሚውን ራሷ ተሸክማ ልታደርስለት ብትል እንቢ አለ፤ "አንቺ ዛሬ ኮረብታ ወጥተሻል፣ ደክሞሻል" ብሎ በትከሻው ወሰደው። መርዶ የያዘ ሰው ይከብደዋል ይባላል፤ እሱ ያዘነላት ለዚያ ነው። ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሌላውን ያታልላል ሲባል ትሰማ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ያጠበችው በጨው እንኳ አልነበረም፤ በዝምታ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ተነስታ በመስኮቷ ስታይ አቤኔዘር ከቤቱ ፊት ያለውን መሬት ጠርጎ፣ ሁለቱን አግዳሚዎች አጋጥሞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ወደ ጋሽ ኢዩኤል ቤት አቅጣጫ ያያል። ጋሽ ኢዩኤል ወጡ፤ አዛጉ፤ ሞተራቸውን አስነሱ። ሌሎቹም ሞተራቸውን አስነሱ። ማንም ወደሱ አልመጣም። ትንሽ ተቀምጦ ቆየና አግዳሚዎቹን አንስቶ ጣሪያው ላይ ጫነ፤ ገመዱንም ይዞ ወደሷ መጣ።

"መንገድ ስላለን ነው" አለ ገመዱን ቤቷ አፍንጫ ላይ እያሰረ። "ትክክል ነው ያደረጉት። መጀመሪያ አንቺ ትድረሺ። እንዲህ ሆኜ ብቀር ማን ይጎትትሽ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ ለሷ ብለው መርዶውን ያቆዩት መስሎታል። አልተቀየመም፤ ይባስ ብሎ ልክ ናቸው አለ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ምድር ግን ሩቅ ናት፤ ከእግሯ በታች ያለው ውኃ ነው።

ቀኑን ሙሉ ተጓዙ። ዘጠኝ ቤት ተከታትሎ ሲወርድ ከሩቅ ላየው ሠርግ ይመስላል። አንዷ ልብስ አስጥታለች፣ አንዱ ሬዲዮ ከፍቷል። አቤኔዘር ከፊት፣ ሜላት በገመድ ከኋላ። እሱ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል፤ አንዳንዴ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሷ ታየዋለች። ሌላ የምታየው ነገር የላትም፤ ገመዱ አሥር ክንድ ነው። ብዙ ጊዜ "አቤኒ!" ብላ ልትጣራ አሰበች። ከሰዓት በፊት ብትጣራ፣ ገመዱን በጥሶ ቢሄድ፣ በሦስት ሰዓት ጉዞ አዳማ ይደርስ ነበር። ይህን አሳምራ ታውቃለች። የውኃው በር ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለች። ደረሱ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፣ ወደ ታችኛው ቦይ እንዲወርዱ ውኃው ዝቅ ማለት ጀመረ። በዚያ ሰዓት የሚጎተት ቤት ገመድ በእጅ ጥቂት በጥቂት እየተለቀቀ ካልወረደ ቤቷ ትዘምና ትሰምጣለች። አቤኔዘር እግሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ደም ሥሩ እስኪገተር ገመዷን ይዞ አወረዳት። እንዲህ ይዟት ላለ ሰው ምን ብላ ትንገረው? ስንወጣ እነግረዋለሁ አለች። ከወጡ በኋላ ደግሞ ማረፊያ ስምንት ሩቅ አይደለም አለች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። አቤኔዘር ገመዷን ፈታ፣ ቤቷን ከግንዱ ጋር አሰረላት፣ የውኃ ቱቦዋንም አገናኘላት። "በይ እንኳን ደህና ገባሽ" አለና ወደ ቤቱ ሄዶ ተቀመጠ፤ አግዳሚዎቹን አውርዶ እንደገና አጋጠማቸው።

የማረፊያ ስምንት ምሰሶ ግን ቅርብ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሜላት እየሮጠች ወጣች ማለት ይቻላል። አሁን ስልኩን ከፍታ፣ ያንኑ መልእክት እንዳዲስ እንደመጣ አስመስላ፣ "አልሞቱም፣ ታመው ነው፣ ሂድ!" ልትለው ነው። ኔትወርኩ ሳያገኛት በፊት አፏ ውስጥ ሁሉንም አሰናድታለች።

ስልኩ ሲበራ ሦስት መልእክት ተከታትሎ ወረደ። ደንቡን ረስታ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነበበች።

የረቡዕ ማታው እንዲህ ይላል፦ "አቤኒ የት ነህ? መልእክቱ ደርሶህ የለ እንዴ?" የሐሙስ ጠዋቱ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ትንሽ ነቃ ብላለች። ሊፍቱ በቆመ ቁጥር እሱ ነው እያለች ወደ በሩ ታያለች።" ሦስተኛው አጭር ነው፦ "እማማ በዘጠኝ ሰዓት ዐረፈች።"

ሜላት ምሰሶው ሥር ቁጭ አለች። ምሰሶው ድምፅ ጠበቀ፤ "አለህ?" እያለ በስልኩ መስታወት ላይ ጻፈ። ከፊቷ ቦዩ አለ። ስልኩን እጇ ላይ መዘነችው። "ከእጄ አምልጦ ወደቀ" ብላ ውኃ ውስጥ ብትጥለው ማን ያያታል? ናርዶስ ለወንድሟ ስትነግረው ጥፋቱ የኔትወርክ ይሆናል፤ በዚህ አገር የኔትወርክ ጥፋት ተብሎ ያልታመነ ነገር የለም። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች። ስልኩን አጥፍታ ጉያዋ ከተተችና ወደ ጋሽ ኢዩኤል ወረደች።

ጋሽ ኢዩኤል ድሮ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ አሁንም ሲቀመጡ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ነው። ስልኩን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"የማን ነው?"

"የአቤኔዘር። እናቱ ናቸው።"

"እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። መቼ?"

"ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት።" ስልኩን አስረከበቻቸው። "ግን እሱ የሚያውቀው ከትናንት ጀምሮ ነው።"

ጋሽ ኢዩኤል አልገባቸውም። ስለዚህ ሁሉንም አወራችላቸው፤ ምሰሶውን፣ መልእክቱን፣ ሐሙስን፣ አግዳሚውን። አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ለራሷ የሚጠቅም ቃል ልትጨምር ስትል እየተወችው። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ሰሟት። ቢሰድቧት ይቀልላት ነበር፤ አልሰደቧትም።

"ሰባት ዓመት ይህን ደንብ ስንጠብቅ" አሉ በመጨረሻ "ስልክ ያስቀረ ሰው ይዋሻል ብሎ ያሰበ የለም። እኔም አላሰብኩም።"

"ጋሽዬ፣ አሁኑኑ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ?"

"አሁን አውቶቡስ የለም። አሁን ብትነግሪው ሌሊቱን ይዞት ሊያድር ነው። መርዶ በማለዳ ነው።" ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። "የእናቱን መርዶ እኔ እነግረዋለሁ፤ የቆየ ሥራዬ ነው። የሞቱበትን ቀን ግን እኔ አልነግርም። ቀኑ ያንቺ መርዶ ነው፤ አብረሽኝ መጥተሽ አንቺው ትነግሪዋለሽ።"

ዓርብ ማለዳ አራት ሆነው በውኃው ዳር ሄዱ፤ ጋሽ ኢዩኤል ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ ሜላት መጨረሻ። ጎረቤቶቹ ሰልፉን ሲያዩ ሬዲዮ አጠፉ፣ ነጠላ ያለው ነጠላውን አዘቀዘቀ። አቤኔዘር ሸሚዙን ለብሶ አግዳሚው አጠገብ ቆሟል። ሲያያቸው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሁለት ቀን ሲጠብቅ የቆየው እንግዳ የመጣለት ይመስል ነበር።

"ተቀመጡ" አላቸው። ሜላትንም በእጁ ጠራት፤ "እትዬ፣ አንቺም ነይ ተቀመጪ። ለሁለት ቀን ይዘሽልኝ ስትሰቃዪ አይቻለሁ።"

ጋሽ ኢዩኤል ቆመው ነገሩት። በደንቡ መሠረት በአጭር ቃል። አቤኔዘር አልጮኸም። ራሱን ነቀነቀ።

"አውቄዋለሁ ጋሽዬ። ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ። አልቅሼ አልቅሼ ወጥቶልኛል፤ ቀብሯ አለፈኝ እንጂ።"

ጋሽ ኢዩኤል ወደ ሜላት ዞሩ። ሌሎቹም ዞሩ። እሷ አግዳሚዋ ላይ አልተቀመጠችም፤ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር።

"ረቡዕ አልሞቱም ነበር፣ አቤኒ" አለችው። "ታመው ነው። ና ብለው ጠርተውህ ነበር። ሐሙስ እንድትጎትተኝ ብዬ እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ።"

መጀመሪያ ቋንቋው የጠፋበት ይመስል አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ።

"ረቡዕ ማታስ?"

"ነበሩ።"

"ሐሙስ ጠዋት?"

"ነበሩ። ነቅተው፣ በሩን ያዩ ነበር።" ይህን ባትጨምርለት ትወድ ነበር፤ ግን ዛሬ የምታስቀረው ነገር እንደማይኖር ለራሷ ምላለች። "በዘጠኝ ሰዓት ነው ያረፉት።"

አቤኔዘር አሰበ። "በዘጠኝ ሰዓት የት ነበርን?"

"የውኃው በር ጋ" አለችው። "ገመዴን ይዘህልኝ ነበር።"

እናቱ እንደሞተች የሰማው ያን ጊዜ ነው። አግዳሚው ላይ ተደፍቶ ጮኾ አለቀሰ፤ ሽማግሌዎቹ ደገፉት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ አብሮት አለቀሰ። ሜላት ብቻ አብራ ለማልቀስ አፍራ ቆማ ቀረች።